ሪዝቅ ከአላህ፣ ደመወዝ ከሰው



ዛሬ አንድ ወጣት ለኒካሕ ሽማግሌ ሲልክ ከዲኑና ከጠባዩ ቀድሞ የሚጠየቀው «ደመወዙ ስንት ነው?» የሚለው ሆኗል። ልጆቻችን የትምህርት ዓይነት ሲመርጡም የሚያስጨንቃቸው ይኸው ጥያቄ ነው። መጠየቁ ነውር የለውም፤ ቤት ያለ ቀለብ አይቆምምና። ነገር ግን ሰውን በደመወዙ መመዘን ከጀመርን ዘንድ፣ ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣና ዲናችን ስለዚህ ምን እንደሚያስተምር ማወቅ ይገባናል።

ከመንግሥት ሠራተኛ እንጀምር። ዝቅተኛው ደመወዝ ለዓመታት 1,100 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ወደ 4,760 ብር፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በዚሁ በ2018ቱ ማሻሻያ ከፍተኛው ከ21,492 ብር ወደ 39,000 ብር ሲያድግ፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ሰው መነሻ 11,500 ብር ሆኗል። ሆኖም የብሩ ቁጥር መጨመር ብቻውን የኑሮ መሻሻል አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብር ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ ዘይትና ስኳር የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ዓይነት ደመወዝም በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባ የሚሠራው ከገቢው ትልቁን ድርሻ ለቤት ኪራይ ይከፍላል፤ በትንሽ ከተማ ያለው ጓደኛው በዚያው ብር ልጆቹን ያስተዳድራል። በአፋር ወይም በሶማሌ ቆላ የተመደበው የበረሃ አበል ቢታከልለትም፣ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣው ሸቀጥ አበሉን መልሶ ይወስድበታል።

ከቦታው በተጨማሪ የሥራው መስክ ይለያያል። በአንድ ቀን የተመረቁ ሁለት የሒሳብ አያያዝ ምሩቃን አንዱ ባንክ፣ ሌላው ትምህርት ቤት ቢቀጠሩ፣ የባንኩ በቦነስና በቤት መሥሪያ ብድር ቶሎ ይቀድማል። እኛ መምህራን ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገንም! ልዩነቱ የመጣው ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና እንጂ አንዱ ምሩቅ ከሌላው በልጦ አይደለም።

«አማካይ ደመወዝ» የሚባለውም እንዳያታልለን። ዘጠኝ ሠራተኞች 5,000 ብር፣ አንድ ሥራ አስኪያጅ 105,000 ብር የሚያገኙበትን ድርጅት እናስብ። አማካዩ 15,000 ብር ነው፤ ነገር ግን 15,000 ብር የሚያገኝ አንድም ሰው በድርጅቱ የለም። ስለዚህ ወጣቱ «አማካዩ ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ጀማሪው ስንት ያገኛል?» ብሎ ይጠይቅ።

ልዩነቱ ከአገር አገር ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ስለ ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ባወጡት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ ደግሞ 207 ዶላር ነበር። መርፌውና ጨርቁ ያው ነው። በአገራችን በግል ድርጅቶች ለሚሠሩ ሁሉ የተወሰነ የደመወዝ ወለል አልነበረም። ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደነገገው በዚያው ዓመት ነው።

ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችንም ሁኔታ ከዚህ አይለይም። የፊሊፒንስ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ለቤት ሠራተኞቹ ከ400 ዶላር በታች አይከፈልም ብሎ ወሰነ፤ የእኛዎቹ እህቶች ያንኑ ቤት እያጸዱ በአብዛኛው ከዚያ ያነሰ ሲከፈላቸው ኖሯል። ልዩነቱ የክንድ ሳይሆን የፓስፖርት ነው። በሌላ በኩል ቀጠር ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የቤት ሠራተኞችን ጨምሮ ለሁሉም ዜጋ ዝቅተኛውን ደመወዝ 1,000 ሪያል አድርጋለች። ሰው የፈጠረውን ልዩነት ሰው ሊያስተካክለው ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ሪዝቅ ከአላህ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ከአላህ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ዙኽሩፍ 32ኛው አንቀጽ መተዳደሪያን በሰዎች መካከል እንዳከፋፈለና አንዱ ሌላውን እያሠራ እንዲኖር ደረጃቸውን እንዳለያየ ይነግረናል። ይህ ግን ለበደል ፈቃድ አይደለም። ሰው አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ በቂያማ ቀን ባላጋራው አላህ ራሱ እንደሚሆን በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ተዘግቧል። ፉቀሃዎችም በኢጃራ ውል ክፍያው አስቀድሞ መታወቅ እንዳለበት ያስተምራሉ።

ከሰሓቦች ታሪክም ትምህርት አለን። አቡበክር (ረ.ዐ.) የበይተል ማልን ገንዘብ ለሙስሊሞች እኩል ያከፋፍሉ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ.) ግን በደረጃ ለያዩት፤ ሆኖም ለቀደምት ሙሃጅሮች 4,000 ሲመድቡ ለገዛ ልጃቸው ለዐብደላህ 3,500 ብቻ ሰጡ። ምክንያታቸውም ልጁ የተሰደደው ወላጆቹን ተከትሎ ስለሆነ፣ ራሱን ችሎ እንደተሰደደ አይቆጠርም የሚል ነበር። ማበላለጥ ካስፈለገ ምክንያቱ የታወቀ፣ ዝምድና የማይገባበት መሆን አለበት ማለት ነው።

እንግዲህ ይህንን ሚዛን ይዘን ወደ ቤታችን እንግባ። ስለ ዐረብ አገር እመቤቶች ስንናገር ድምፃችን ከፍ ይላል። ከገጠር ያመጣናት ልጅ ግን ከፈጅር በፊት ተነስታ፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ የምትተኛ «እንደ ልጃችን ናት» ስለተባለች ብቻ ደመወዟ ያልተነገራት ስንት ናት? «ተጠራቅሞ ይሰጥሻል» የተባለችውስ ሒሳቧን የሚያውቅ ማን ነው? እንደ ልጃችን ከሆነች ከልጆቻችን ጋር ትማር፤ ሠራተኛ ከሆነች ደመወዟ ይነገራት፣ በወሩም በእጇ ይሰጣት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ማዘዛቸው በሱቃችን ለሚላላከው ልጅም፣ በማጀታችን ላለችውም ነው።

ወጣቶች ሆይ! የተሻለ ደመወዝ መፈለግ ሐላል ነው፤ ሙያ ጨምሩ፣ ውላችሁን አንብባችሁ ፈርሙ። ወላጆች ሆይ! ለልጃችሁ ባል ስትመርጡ ከደመወዙ መጠን በፊት ሐላልነቱን ጠይቁ። አሠሪዎች ሆይ! ይህ ወር ሳያልቅ በቤታችሁና በሱቃችሁ ያለውን ውዝፍ ሒሳብ ዝጉ።

አላህ ሐላል ሪዝቅ ይስጠን፣ ባለውም ላይ በረካ ያድርግልን፤ የማንንም ላብ በአንገታችን ተሸክመን ከመቅረብ ይጠብቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።