አሮጌዋን መኪና ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት

አሮጌ መኪና በደበዘዘች ቁጥር «ሙሉ ቀለም ትቀባ!» ይባላል። ማን ፈረደባት? ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል። ደጃችን የቆመችውን ዲኤክስ መንከባከብ ቅንጦት ሳይሆን ንብረት መጠበቅ ነው።

የፋብሪካ ቀለም በምድጃ ሙቀት የደረቀ ነው። አቧራማ ግቢ ውስጥ በስቱኮ ላይ የሚረጨው አይተካውም። ቀለሙ ካልተላጠ በደንብ አጥባችሁ ፖሊሽ አድርጉት። በድሮዎቹ መኪኖች ጨርቁ የመኪናዋን ቀለም ይዞ ቢወጣ አትደንግጡ፤ የሚነሳው ፀሐይ የገደለው ስስ ሽፋን ነው።

የበሩ ጎን ላስቲክማ ጉዱ ብዙ ነው! አንዱ ቀቢ በወረቀት ሸፍኖ ዙሪያውን ይረጫል፤ ሌላው በካቻቢቴ ፈንቅሎ በሩን ይቧጭራል። አፈርና ውኃ የሚተኛው፣ ዝገትም የሚጀምረው ግን ከላስቲኩ ሥር ነው። በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፤ ጠንካራ የጥርስ ክር ከኋላው አስገብታችሁ ወዲያና ወዲህ ሳቡ፤ ይለቃል። የቀረውን ማጣበቂያ በአውራ ጣት እያሻችሁ አንሡት። ዝገት ካገኛችሁ ያኔ ያቺን ቦታ ብቻ አክሙ።

«ልሸጣት ነው፣ ምን አደከመኝ?» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ሥራው ማሳመር አይደለም፤ ዝገት ሸፍኖ ለወገኑ መሸጥ ነው።

ገዢዎችም ንቁ! የምታብረቀርቅ አሮጌ መኪና ስታዩ መጀመሪያ የላስቲኩን ጠርዝ ተመልከቱ። የቀለም ርጭት ካረፈበት ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን ጠይቁ።