ለትንሣኤ እንግዳ ቤትን ስለ ማሰናዳት

ዐቢይ ጾም ከተጋመሰ በኋላ በየቤቱ አንድ ዐይነት ንግግር ይሰማል። እመቤቲቱ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ትመለከትና፤ «ይህ የሸረሪት ድር ሳይጠረግ እንግዳ ቢመጣ ማፈሬ ነው» ትላለች። ባለቤትዋም የግድግዳውን መጥቆር አይቶ ስለ ቀለሙ ዋጋ ያስባል። በዓሉ ግን ገና ሩቅ ስለሚመስል ሁለቱም ነገሩን ለነገ ያሳድሩታል። እንዲህ ሲባል ሆሳዕና ይደርሳል። ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮም ቤቱ ይታመሳል፤ አልጋው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ምንጣፉ ይራገፋል፤ ድስቱ ይፈተጋል። ይህም ሁሉ የሚሆነው በሰሙነ ሕማማት፤ ቤተ ክርስቲያን ልጆችዋን ለስግደትና ለጸሎት በምትጠራበት ሰሞን ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ለትንሣኤ የሚደረገው ከባድ የቤት ጽዳት ከሆሳዕና በፊት እንዲፈጸም ነው።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ በገዛ ቤቴ የሆነው ነገር ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በስቅለት ዕለት ጧት፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስነሣ፤ በቤታችን የምታገለግለው ልጅ በርጩማ ላይ ቆማ የመስኮቱን መስተዋት ትወለውል ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ዕረፍት አላገኘችም። «እኔ እስክመለስ የሳሎኑን ወለል ጨርሺ» ብያት ከደጃፉ ስደርስ፤ «እትዬ፤ እኔስ የምሰግደው መቼ ነው?» አለችኝ። በቁጣ አልተናገረችም፤ በእውነት ቀኑን ለማወቅ የጠየቀች ትመስል ነበር። እኔም የምመልሰው ባጣ፤ «ከጨረስሽ በኋላ ትደርሻለሽ» ብያት ሄድሁ። በዐውደ ምሕረቱ ስሰግድ ግን ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ያ ጥያቄ ይሰማኝ ነበር። ወደ ማታ ስመለስ ወለሉ ያበራል፤ ልጅቱ ግን በማድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ፤ እርጥቡን ጨርቅ እንደ ያዘች እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። በበዓሉ ቀን እንግዶቻችን የቤቱን ንጽሕና ሲያመሰግኑ ምስጋናውን ለመቀበል አፈርሁ።

ነገሩን ከቅዱስ ወንጌል ጋር ብናመሳክረው ስሕተታችን ይገለጥልናል። ጌታችን ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ፋሲካን ሊበላ በወደደ ጊዜ፤ በኢየሩሳሌም ከተማ የተነጠፈና የተሰናዳ ሰገነት እንደ ተገኘለት ማርቆስና ሉቃስ ጽፈዋል። እንግዲህ ያን ሰገነት አስቀድሞ የጠረገና ያነጠፈ እጅ ነበረ ማለት ነው። የማን እጅ እንደ ነበረ አልተጻፈልንም፤ ሥራው ግን እንግዳው ከመድረሱ በፊት አልቆ ነበር። በዚያው በተሰናዳ ቤት ጌታችን ወገቡን ታጥቆ፤ ውሃ በመታጠቢያ ቀድቶ፤ የሐዋርያትን እግር አጠበ፤ የአገልጋይንም ሥራ ራሱ ሠራ። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር የሚያጥቡት ይህን ለማስታወስ ነው።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶርያ የተጠናቀረው «የሐዋርያት ሥርዓት» የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍም ስለ አገልጋዮች ሲደነግግ፤ በሰሙነ ሕማማትና ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ከሥራቸው እንዲያርፉ ያዝዛል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፤ የፊተኛው ሳምንት የሕማሙ፤ የኋለኛው የትንሣኤው መታሰቢያ ስለ ሆነ፤ መከራ የተቀበለውና የተነሣው ማን እንደ ሆነ ሊማሩ ይገባቸዋል ይላል። እንግዲህ የልጅቱ ጥያቄ አዲስ ጥያቄ አልነበረም፤ አባቶች ከ1600 ዓመት በፊት መልስ የሰጡበት ነበር።

ሥራውን በምን መልክ እንከፋፍለው ብትሉ፤ የጾሙ ሰንበቶች ራሳቸው መልካም መለኪያ ይሆኑናል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን በ8 ሳምንት የተከፈለ ሲሆን፤ 6ኛው ሰንበት ገብር ኄር፤ 7ኛው ኒቆዲሞስ፤ 8ኛው ሆሳዕና ነው። ከገብር ኄር እስከ ሆሳዕና ያለው ሁለት ሳምንት፤ ሥራው በሥርዓት ከተያዘ ለማንኛውም ቤት ይበቃል። ገብር ኄር ማለት በጎ አገልጋይ ማለት ነውና፤ ሥራውን በዚህ ሰንበት ማግስት መጀመር ለእመቤቲቱም ለአገልጋይቱም ትምህርት አለው።

በመጀመሪያው ሳምንት ጣሪያው፤ ግድግዳውና አልጋው ይጽዳ። ጽዳት ምን ጊዜም ከላይ ወደ ታች ነው፤ ወለሉን አስቀድሞ አጥቦ ጣሪያ የሚጠርግ ሰው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ከመጥረግም በፊት በወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ ይረጭ፤ ዕቃውም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ አለዚያ አቧራው ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ በሌላው ያርፋል፤ ሳል ያለበትንም ሰው ያስጨንቃል። በገጠር ያላችሁ እኅቶች ወለሉን በእበት የምትለቀልቁ ከሆነ፤ በሚገባ እንዲደርቅ ጊዜ የሚገኘው በዚህ ሳምንት ነው።

ስለ አልጋ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል፤ ከሩቅ አገር ለመጣ እንግዳ በትኋን ተበልቶ እንደ ማደር ያለ ቅሬታ የለምና። ትኋን ቀን ቀን በፍራሹ ስፌትና በአልጋው መጋጠሚያ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ይወጣል። ፍራሹን በፀሐይ ማስጣት መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ስፌቱ በብሩሽ ይፈተግ፤ የእንጨቱ መጋጠሚያ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት፤ አንሶላውም በሙቅ ውሃ ይታጠብ። የትኋን ዕንቁላል በሞቃት ክፍል ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል፤ በብርድ አገርም ይዘገያል። ስለዚህ ይህ ሥራ በሆሳዕና ዋዜማ እንደ ገና ሊደገም ይገባዋል። ለእርሻ የተሠራ የተባይ መድኃኒት ግን በመኝታ ቤት ፈጽሞ አይረጭ። አልጋንም በላምባ ማራስ ጧፍ በሚበራበት ሌሊት ቤትን ለእሳት መስጠት ነው።

ሁለተኛው ሳምንት የልብስና የዕቃ ሳምንት ነው። የበዓሉ ቀሚስና ነጠላ ይታጠብ፤ ጥለቱ ቀለም የሚለቅ ከሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ታጥቦ በጥላ ይሰጣ። እናቶቻችን ሳሙና ሳይበዛ ልብስ ያነጹበት የነበረው በእንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ለዓለም ያስታወቁትም ከዚህ ከእናቶቻችን የእጥበት ሥራ ተነሥተው ነው። ይሁን እንጂ እንዶድ ቢበሉት መርዝ ነውና ከሕፃናት እጅ ይራቅ።

ጠላ የሚጠመቅበት ጋን በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ መታጠኑ የታወቀ ነው፤ ጠላው ለበዓሉ እንዲደርስ ይህ ሥራ መቼም ቀደም ማለት አለበት። ዘመናዊ መድኃኒት በምንጠቀምበት ጊዜ ደግሞ ጥንቃቄ ይጨመር። በረኪና ከኮምጣጤ፤ ከሎሚ ጭማቂ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ከቶ አይቀላቀል፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዘኛ አየር ይወጣዋልና። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስም አይቀመጥ፤ በበዓል ግርግር ውሃ የጠማው ልጅ አንሥቶ ቢጠጣው ደስታችን ወደ ልቅሶ ይለወጣል። የተሰበሰበውን ጥራጊ በጎረቤት ደጅ ወይም በመንገድ ዳር ቦይ መድፋትም ቤትን አጽድቶ ሰፈርን ማሳደፍ ነው።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ሴት ብቻ የሚተው አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ እንዲሉ፤ አባት አልጋውን ያንሣ፤ ጐልማሳው ልጅ መሰላል ወጥቶ ጣሪያውን ይጥረግ፤ ታናናሾቹም ማንኪያውን ያጥቡ። «ይህ የሴት ሥራ ነው» የሚል ወንድ ቢኖር፤ እግር ለማጠብ የታጠቀውን ጌታ ያስታውስ።

እንዲህ ከሆነ ለሰሙነ ሕማማት የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ቤቱ በየጧቱ ይጠረጋል፤ ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ይቀቀላል። ቤት የሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልግ እንደ ሆነ በተራ ይሁን፤ አንድ ቀን አገልጋይቱ ትሂድ፤ እመቤቲቱ ትቅር። በቀዳም ሥዑር ለኖኅ የጥፋት ውሃ መጕደሉን ያበሠረችው ርግብ መታሰቢያ የሚሆነው ቄጠማ ከቤተ ክርስቲያን ይታደላል፤ ምእመናንም በራሳቸው ያስሩታል። ለቤቱ ጉዝጓዝ የሚሆነውም ቄጠማ ወለሉ ከደረቀ በኋላ ይነስነስ፤ በእርጥብ ወለል ላይ ሽማግሌን ያንሸራትታል። ዶሮው በሚበለትበት ጊዜ ጥሬ ሥጋ የነካው ቢላዋና ሳህን በሳሙና ሳይታጠብ ለሌላ ምግብ አይዋል። ሌሊት ከቅዳሴ ስንመለስ ብርድ ነው ብለን በርና መስኮት ዘግተን ከሰል አናንድድ፤ የከሰል መርዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳይሰማው ይገድላልና።

ማርታን አንዳንድ ሰዎች ሥራ ስለ ሠራች የተነቀፈች ይመስላቸዋል። ጌታችን የገሠጻት ግን በብዙ ነገር ስለ ታወከች ነው። ከፋሲካ 6 ቀን አስቀድሞ በቢታንያ እራት ሲደረግለት ማርታ ታገለግል እንደ ነበር ዮሐንስ ሲጽፍ ተግሣጽ የሚባል ነገር አላነሣም። አገልግሎት ጊዜውን ሲያገኝ ራሱ አምልኮ ይሆናል፤ የጸሎትን ጊዜ ሲነጥቅ ግን ሁከት ይሆናል።

ደግሞም እንግዳ ሲባል በመኪና የሚመጣው ዘመድ ብቻ አይደለም። በአጥሩ ማዶ ያለችው አሮጊት፤ ልጆችዋ የራቁባት መበለት፤ እርስዋም የትንሣኤ እንግዳችን ናት። ቀለም ለመቀባት ገንዘብ ያልተረፈው ቤተ ሰብ ስለዚህ አይዘን፤ የተጠረገ ወለልና አንድ እስር ቄጠማ፤ ከፈገግታ ጋር፤ እንግዳን አክብሮ ለመቀበል ይበቃል።

ያ ስቅለት ካለፈ በኋላ በነበረው ዓመት ከባዱን ሥራ በሆሳዕና ዋዜማ ማታ ዘጋነው። በዓርቡ ማለዳ ልጅቱም እኔም ነጠላችንን አጣፍተን በአንድነት ሄድን፤ ጎን ለጎንም ስንሰግድ ዋልን። በፋሲካ ዕለት አንዲት አክስቴ ከተቀመጡበት ቀና ብለው፤ «ልጄ፤ ከማዕዘኑ ላይ ድር ቀርቶብሻል» አሉኝ። እውነትም ቀርቶ ነበር። እኔም ልጅቱን አየኋት፤ እርስዋም አየችኝ፤ ሁለታችንም ሣቅን።

እግዚአብሔር አምላካችን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን፤ አሜን።