የሐይቅ ዳር ቤት የገዛችሁ መስሏችሁ ዓመት እየገዛችሁ ነው

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። በተለይ ውጭ ሀገር ሆናችሁ "ጣና ዳር አንድ ቤት ቢኖረኝ" እያላችሁ ለምታጠራቅሙ ወገኖች ነውና ታግሳችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። አሁን ባለው ሁኔታ ከባሕር ማዶ ሆኖ በጎርጎራም ሆነ በባህር ዳር ዙሪያ በሐይቁ ዳርቻ የሊዝ ቦታ ይዞ መኖሪያ መሥራት፣ ወይም በሊዝ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት መግዛት፣ ለአብዛኛው ዳያስፖራ የማያዋጣ ውሳኔ ነው። ለዳርቻው ነዋሪ ደግሞ ጉዳት ነው። ምክንያቶቼን አንድ በአንድ አስቀምጣለሁ። የሚሞግተኝ ካለ በምክንያት ይሙገተኝ።

በነሐሴ 2012 "ገበታ ለሀገር" ሲታወጅ ጎርጎራ ከወንጪና ከኮይሻ ጋር ተመረጠች። ከዚያ በፊት ጎርጎራን የሚያውቃት የደምቢያ ሰው፣ የጎንደር ሰውና ከባህር ዳር በጀልባ የሚሻገር መንገደኛ ነበር። ሪዞርቱ ተሠርቶ ፎቶው በየስልኩ ሲዞር የብዙ ሰው ልብ ተነሣ። አይፈረድም። ከጎንደር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ውሃ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት የማይመኝ ማን አለ? ችግሩ ምኞቱ ላይ አይደለም። ደላላው በምኞቱ ላይ ለጥፎ የሚሸጠው ወረቀት ላይ ነው።

*1. ምንድን ነው የምትይዙት?*

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የእናንተ የሚሆነው በላዩ ላይ የሠራችሁት ቤት ነው። ቦታውን የምትይዙት በሊዝ ነው። በሥራ ላይ ያለው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው።

"99 ዓመት ማለት እኮ ለልጅ ልጅ ነው!" ይላል ደላላው። ይሁን። ግን በዚያው አዋጅ ውስጥ ያሉትን ሌሎች አንቀጾች አያነብላችሁም። ቦታውን በሊዝ የወሰደ ሰው በውሉ በተቀመጠው ጊዜ ግንባታ ካልጀመረ ውሉ ሊቋረጥበት ይችላል። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብቱን ላስተላልፍ ካለ ደግሞ የሚያገኘው የከፈለውን የሊዝ ክፍያ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ነው። የቀረው ለመንግሥት ይገባል። ስለዚህ "ቦታውን ያዘው፣ ዋጋው ሲጨምር ትሸጠዋለህ" የሚላችሁ ሰው ሕጉ የማይፈቅደውን ትርፍ እያሳያችሁ ነው።

መንግሥት ቦታውን ለሕዝብ ጥቅም ቢፈልገውስ? ካሳ አለ። ሆኖም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት በቦታው ላይ ላለ ንብረት የሚሰላው ካሳ ቤቱን እንደ አዲስ ለመተካት የሚያስፈልገው ወጪ ነው። አሁን አስቡት። ጎርጎራ ዳር ከሌላ ቦታ እጥፍ የምትከፍሉት ለብሎኬቱና ለቆርቆሮው ነው እንዴ? የምትከፍሉት ለሐይቁ ነው። ቤቱ ሲነሣ ግን ሐይቁ በካሳው ስሌት ውስጥ የለም። ምትክ ቦታ ቢሰጣችሁም ውሃ ዳር ይሆናል ያለ የለም።

*2. ማን ሆናችሁ ነው የምትይዙት?*

ይህ ብዙዎች የሚዘሉት ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ዋሽንግተንም ይኑር ዱባይ ዜጋ ነው። የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ግን በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ነው፤ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ቢሆንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን በሩን የከፈተው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። ቢጫ ካርድ የምንለው መታወቂያ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያ ነው።

በሰኔ 2017 ደግሞ ምክር ቤቱ የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዙ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። መነሻው 150 ሺህ ዶላር ነው። ከዚያ ወዲህ "አሁን እኮ ለሁሉም ተፈቅዷል" የሚል ማስታወቂያ በየቦታው አለ። ልብ በሉ፤ የተፈቀደው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። መብታችሁ የቆመው በመታወቂያችሁና በአዋጁ ላይ ስለሆነ ውል ከመፈረማችሁ በፊት በየትኛው ሕግ እንደምትስተናገዱ እወቁ። በአጎት ወይም በወንድም ስም "ለጊዜው" የሚያዝ ቤት ደግሞ በሕግ ፊት የአጎት ወይም የወንድም ቤት ነው። በዚህ ምክንያት ስንት ቤተሰብ ፍርድ ቤት እንደቆመ እናንተም ታውቃላችሁ።

*3. ከማን ነው የምትይዙት?*

አደጋው ሁሉ የሚከማቸው እዚህ ነው። የሐይቁ ዳርቻ አብዛኛው የገጠር መሬት ነው። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፣ ለተወሰነ ዘመን ማከራየት ይችላል፣ መሸጥ ግን አይችልም። ያም ሆኖ "ወደ ከተማ ሊካለል ነው፣ አሁን በርካሽ ያዙት" እየተባለ ከገበሬው ጋር በቀላል ወረቀት የሚፈጸም ስምምነት አለ። ይህ ውል ሳይሆን የወደፊት ክስ ነው።

የሰው ሀገር ልምድም ይህንኑ ያስተምራል። በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ፣ ኤንሴናዳ አጠገብ ፑንታ ባንዳ የምትባል የባሕር ዳርቻ አለች። ብዙ አሜሪካውያን ጡረተኞች መሬቱ የኛ ነው ከሚል የገበሬዎች ማኅበር በሊዝ ቦታ ወስደው በዕድሜ ልክ ቁጠባቸው ቤት ሠሩ። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ የሌሎች ሰዎች ነው ብሎ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፖሊስ መጥቶ አስወጣቸው። ኪራያቸውን በሰዓቱ ይከፍሉ ነበር፣ ደረሰኝም ነበራቸው። ችግራቸው አንድ ብቻ ነበር፦ ያከራያቸው አካል የማከራየት መብት አልነበረውም። የጣናን ዳርቻ የሚያሳያችሁ ደላላ እጅ ላይ ያለው ወረቀት ከዚህ በምን ይሻላል?

*4. ሐይቁ ራሱስ?*

ጣና ባለበት የሚቆም ውሃ አይደለም። በ1988 ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ መጠኑን የሚወስነው ዝናቡ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ1995 ሐይቁ እጅግ ከመውረዱ የተነሣ መርከቦች መጓዝ አቁመው ነበር። በነሐሴ 1998 ደግሞ ጎርፍ ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደምቢያን አጥለቀለቀ። ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ቦታ ውሃው ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ጠርዙ ረጅም ርቀት ይሄዳል። አንድ ዓመት በረንዳችሁ ሥር የነበረ ውሃ በሌላው ዓመት ጭቃና የእህል ማሳ ማዶ ሊሆን ይችላል። ከ2004 ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ መጣ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው የደምቢያና የፎገራ ሕዝብ ከብቱን ውሃ ለማጠጣት እንኳ ተቸግሯል።

ሕጉም ዝም አላለም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሚመለከተው አካል የውሃ ዳርቻዎችን ከልሎ በክልሉ ውስጥ ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን ሊከለክል እንደሚችል ይደነግጋል። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ስለዚህ ለውሃው ይበልጥ የቀረበው፣ ደላላውም ይበልጥ የሚያስወድደው ቦታ፣ ነገ "እዚህ መሠራት አልነበረበትም" ሊባል ለሚችለው መስመር ይበልጥ የቀረበው ነው።

*5. ሰላሙና ብሩ*

ይህን ማለት ለማንም አይጥምም፣ ግን ሳይባል አይታለፍም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ አልፎም ጦርነቱ አላለፈም። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ አይመጣም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ከዘበኛችሁ ጋር እንኳ አትገናኙም። ተራ የቤት መድን በጦርነትና በሕዝብ ሁከት የደረሰ ጉዳትን በአብዛኛው አይሸፍንም። ባለቤቱ አትላንታ ሆኖ ቤቱ ጎርጎራ ሲሆን አደጋው በሙሉ የሚወድቀው ደሞዙ አነስተኛ በሆነ አንድ ጥበቃ ጫንቃ ላይ ነው። ይህስ ተገቢ ነው?

ስለ ብሩ ደግሞ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በ2014 መጨረሻ ዶላር በባንክ 52 ብር ገደማ ነበር። አንድ ሰው ያኔ 192 ሺህ ዶላር ግድም መንዝሮ የ10 ሚሊዮን ብር ቤት ያዘ እንበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በ2017 መጨረሻ ዶላር ከ130 ብር አለፈ። ያ ሰው ያስገባውን ዶላር ብቻ ለመመለስ ቤቱን በ25 ሚሊዮን ብር መሸጥ አለበት። ቤቱ በእጥፍ ዋጋ፣ በ20 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ እንኳ ከስሯል! ብሩን መልሶ ዶላር አድርጎ ማውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነው።

*"ታዲያ ክልሉ እንዴት ይልማ?"*

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። የጎርጎራ ወጣት ሥራ ይፈልጋል። ሪዞርት፣ ጀልባ፣ የዓሣ ማቀዝቀዣ፣ አስጎብኚነት ሥራ ይፈጥራል። የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕሎችና የሱስንዮስን ዘመን ፍርስራሾች ለማየት የሚመጣ እንግዳ ማደሪያ ያስፈልገዋል። በጨረታ፣ በግልጽ ፈቃድ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ተደርጎ የሚመጣ ኢንቨስትመንት ካለ ከፊት ሆኜ እደግፋለሁ።

በዓመት ሦስት ሳምንት የሚከፈት የግል ቪላ ግን ምን ሥራ ይፈጥራል? አንድ ዘበኛና አንድ አትክልተኛ። በምትኩ ገበሬው ውሃ ሲሸሽ የሚዘራበትን መሬት ያጣል፣ ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን የሚያሳርፍበት ዳርቻ በአጥር ይዘጋበታል፣ ደንገሉ ይታጨዳል። ደንገል ከሌለ ታንኳ የለም፣ ዓሣ የሚራባበት ጥላም የለም። ገበሬው የተቀበለው ብር በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በአባቱ መሬት ላይ ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል። ልማት የምንለው ይህን ከሆነ ቃሉን እንቀይረው።

*ምን ይደረግ?*

ለክልሉ መንግሥት፦ የሐይቁን የጥበቃ ክልል በካርታና በወሰን ድንጋይ አስቀምጡ፤ ካርታውን ማንም ሰው እንዲያየው አውጡት። ይህ ሳይሆን በዳርቻው አንድም የመኖሪያ ቦታ አይሰጥ። ገበሬው የሚነሣ ከሆነ ካሳው አስቀድሞ ይከፈለው። ሕገ መንግሥቱም የሚለው ይህንኑ ነው።

ለእናንተ ለውጭዎቹ፦ ናፍቆታችሁ ጣና ከሆነ ተከራዩ። ጎርጎራ ወይም ባህር ዳር ለሦስት ወር፣ ለስድስት ወር ቤት ያዙ። ክረምቱን እዩት፣ ወባውን እዩት፣ መብራቱን እዩት። ከዚያ በኋላ "አሁንም እፈልጋለሁ" የሚል ካለ ከውሃው ራቅ ብሎ፣ በሕጋዊ ፕላን ውስጥ፣ ፋይሉን ራሱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አይቶ ይግባ። ጠቅላላ ውክልና ለማንም አትስጡ። ቢጠፋ ልጆቻችሁን የሚጎዳ ገንዘብ አታስገቡ።

በአራት ወር ቤት ኪራይ የምትከስሩት የአራት ወር ኪራይ ነው። በሊዝ ቪላ የምትከስሩት ግን የሃያ ዓመት የሌሊት ፈረቃ ነው። ደላላው ኮሚሽኑን የሚቀበለው እናንተ በፈረማችሁበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው 99 ዓመት እሱን አይመለከተውም።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ። ውጭ ላሉ ዘመዶቻችሁም አስተላልፉት። ሰላም ለጣና፣ ሰላም ለሀገራችን።