ተያዥ የሚፈርምበት ቃል

በሀገራችን ሰው ለገንዘብ ያዥነት፣ ለግምጃ ቤት ጠባቂነት ወይም ለሾፌርነት ሲቀጠር «ተያዥ አምጣ» መባሉ የቆየ ልማድ ነውና፣ አጎት ወይም ጎረቤት የደመወዙን ማስረጃ ይዞ ሄዶ፣ የታተመውን ቅጽ በችኮላ አይቶ ፊርማውን ያኖራል። በዚያ ቅጽ መካከል «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» የምትል አጭር ሐረግ ተቀምጣለች፤ የፈራሚው ዕጣ የሚወሰነውም በእርሷ ነው።

ተያዡ በልቡ፣ የተቀጠረው ልጅ ቢያጠፋ አስቀድሞ ልጁ ይጠየቃል፣ የጎደለውን ብቻ እኔ እሞላለሁ ይላል። አሳቡ ከሕግ የራቀ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ ዋስ የሆነ ሰው የባለዕዳው ንብረት አስቀድሞ ለዕዳው እንዲውል የመጠየቅ መብት ሰጥቶታልና። ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 1933፣ ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ኃላፊ ነኝ ብሎ የፈረመውን ዋስ ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ ልጁ ቤት ንብረት ያለው ቢሆን እንኳ፣ መጥሪያው መጀመሪያ የሚደርሰው ከደመወዝተኛው አጎት ዘንድ ሊሆን ይችላል።

ሕግ አውጪው ለዋስ ርኅራኄ አላጣም። የሚጠየቅበት ገንዘብ ከፍተኛው ልክ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና በቁጥር 1922 ደንግጓል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ያኖረው የጣት አሻራም በአዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም፤ አንዱ ወገን አስቀድሞ ያዘጋጀው ቅጽም ቃሉ ሲያጠራጥር ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተረጎማል። ዳሩ ግን «በአንድነትና በነጠላ» ለዳኛና ለጠበቃ አጠራጣሪ ቃል አይደለም፤ ምስጢሩ የተሰወረው ከፈራሚው ብቻ ስለ ሆነ ይህ ጥበቃ አይደርስለትም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ያወቀ ሁሉ ትርጓሜ እንደማያውቅ፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሕግን ቋንቋ አያውቅም፤ ሕጉ ግን መሃይሙን ሲጠብቅ ይህን ሁለተኛውን፣ ማለትም አብዛኞቻችንን፣ ለብቻው ትቶታል።

ስለዚህ ቅጹን የሚያዘጋጀው ቀጣሪ፣ ከፊርማው ቦታ በላይ «ተቀጣሪው ሳይጠየቅ እኔ ልከሰስ እችላለሁ፤ የምከፍለውም ከዚህ ብር አይበልጥም» የሚል ቃል ልኩን ሞልቶ እንዲያሰፍር፣ ፈራሚውም በአፉ እንዲያነበው በሕግ ሊታዘዝ ይገባል እላለሁ። ይህን አንብቦ እጁን የሚሰበስብ ዘመድ በርግጥ ይኖራል፤ ተያዥ ያጣ ቀጣሪም የሒሳብ ቁጥጥሩን ያጥብቅ፣ ለሠራተኛው ታማኝነትም መድን ይግባ እንጂ፣ የድርጅቱን ሥጋት ትርጉሙን ባልነገረው ሰው ጫንቃ ላይ አይጫን።