አዝማሪ ምን በላ?

«እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ይል ነበር የጥንቱ ሰው። የአገሩን ሆድ ማወቅ የፈለገ ባላባት ጆሮውን የሚጥለው ወደ እነዚህ ሁለቱ ነበር ይባላል። የተከበረ ጥያቄ ነው። ዛሬም በየስብሰባውና በየመጣጥፉ ስለ ባህል የሚናገር ሰው ሁሉ ይጠቅሰዋል፤ እኔም አንድ ሁለት ጊዜ ጠቅሼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ጥያቄው ጎዶሎ እየሆነብኝ መጥቷል። አዝማሪ ምን አለ ከማለታችን በፊት መጠየቅ የነበረብን ሌላ ጥያቄ አለ። እሱን ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው የለም። አዝማሪ ምን በላ?

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. ለገና ላሊበላ ሄጄ ነበር። ጠዋት በቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ከዐለቱ አፋፍ ላይ ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ፣ ከምእመናኑ ጋር ተጋፍቼ ሰማሁ። ማታ ጾሙ ተፈቷልና ሦስት ጓደኛሞች ጠጅ ፍለጋ ወጣን፤ ማሲንቆ ከሚሰማበት አንድ ቤትም ገባን። ቤቱ ጠባብ ነው። ሠላሳ ሰው ከተቀመጠበት ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። ሙዚቀኞቹ ሦስት ናቸው፦ አምሳውን ያለፉ ባለማሲንቆ፣ አንዲት ዘፋኝና አንድ ከበሮ መቺ ወጣት።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አልረሳውም። ባለማሲንቆው ቤቱን በዓይናቸው አንዴ ቃኘት አደረጉና ሁላችንንም በየተራ ያዙን። የአዲስ አበባ ሰዎች መሆናችንን ከጫማችን አውቀው በጫማችን ቀለዱ። ጥግ የያዙትን የከተማውን መምህራን ደመወዛቸው ወር አልደርስ ማለቱን አነሡባቸው፤ ከሁሉ አብልጠው የሳቁት መምህራኑ ራሳቸው ነበሩ። ስለ መንገዱ አቧራ፣ ስለ በዓሉ የአልጋ ዋጋ፣ ብርድ ላይ ስላደረው ምእመን አንድ በአንድ አወረዱት። የአልጋው ዋጋ ሲነሣ አንድ ደልደል ያለ ሰው ብርሌውን አስቀምጦ አንገቱን ሲደፋ አየሁ። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ባለ ሆቴል ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ያቺ ጠባብ ቤት ሸንጎም፣ ጋዜጣም፣ ፍርድ ቤትም ነበረች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን አራት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ገና ሳይቀመጥ አንድ እስር ባለ አሥር ብር ኖት አወጣና አንዱን መዝዞ ባለማሲንቆው ግንባር ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ ሌሊቱ የእሱ ሆነ። ስለ ቁመቱ ተዘፈነ፤ ስለ መኪናው ተዘፈነ፤ ስለ ወለደችው እናቱ ተዘፈነ፤ ስለ ለጋስነቱማ ሃያ ጊዜ ተዘፈነ። ከመምህራኑ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ቢሰጥ፣ ባለማሲንቆው ፈገግ ብለው ዞሩ፣ አንዴ በጥድፊያ ተቀበሉና ተመልሰው ወደ ብሩ ዞሩ። መምህራኑ ጥቂት ቆይተው ሂሳባቸውን ከፍለው ወጡ። አልጋ አከራዩ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ሁለተኛ ብርሌ አዘዘ።

ባለማሲንቆው ሊተነፍሱ ወደ ደጅ ብቅ ሲሉ ተከተልኳቸው።

«ጋሼ፣ ቅድም እንዴት ግሩም ነበር! ምነው ሰውየው ሲመጣ ተዉት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና «ወንድም ዓለም» አሉኝ፤ «ቅድም የዘፈንኩት ለእናንተ ነው። አሁን የምዘፍነው ለልጆቼ ነው።»

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ደመወዝ የላቸውም። በሌሊቱ የተሸለሙት ብር ለሦስት ይካፈላል፤ ከዚያም ላይ የቤቱ ድርሻ ይነሣል። ቤቱ እራትና ጠጅ ይሰጣል። እንግዳ ካልመጣ ብር የለም፤ ቢታመሙም የለም። «ባለቤቱስ ምን ይሠራል?» ስላቸው «ጠጁን ይሸጣል» አሉኝ። በንግግራቸው ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ ዝናብ የሚዘንበው በክረምት ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገሩት። ተመልሰን ስንገባ ግን ወደ እኛ ጠረጴዛ ጎንበስ ብለው ይህችን አሉ፦

ለሰው ቤት ስመታ ሌሊቱን አንግቼ፣
እኔው ብቻ ቀረሁ ማደሪያ ቤት አጥቼ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ባለ ብሩም ሳቀና አሥር ብር ጨመረላቸው። እኔ ግን ያን ሌሊት በደንብ አልተኛሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ያወጋሁህ ስለ ጠጁ አይደለም። እኛ የከተማ ሰዎች «አዝማሪ ድሮ ቀረ» የምትል አንዲት ለቅሶ አለችን። የዛሬው አዝማሪ ሆዳም ሆኗል፣ ባለ ገንዘብ ማሞገስ ብቻ ነው ሥራው፣ ሰምና ወርቁ ጠፍቷል እንላለን። እስቲ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እንነጋገር። በግንባሩ ላይ ከሚለጠፍ ኖት ሌላ እንጀራ የሌለው ሰው፣ ኖቱ ያለበትን ቢዘፍን ምኑ ይደንቃል? የአንድ ጋዜጠኛ ደመወዝ በየቀኑ ዜና የሚሠራለት ሰው በሚወረውርለት ብር ቢተካ እውነት የሚጽፍ ስንቱ ነው? እኔ ራሴ ስንት ቀን እቆይ ነበር?

ሌሎች ደግሞ ጥፋቱን በድምፅ ማጉያና በኦርጋን ላይ ያላክካሉ። እውነት ነው፣ ሠላሳ ሰው በሚይዝ ቤት ውስጥ የተገተረ ድምፅ ማጉያ ቃሉን ይገድለዋል። የአዝማሪ ዋናው ነገር ደግሞ ቃሉ ነው፤ የማሲንቆው አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ቃሉን ልታጅብ እንጂ ልትሸፍን አልተሠራችም። ነገር ግን ድምፅ ማጉያው ለምን ገባ? በመንገድ የሚያልፈውን ባለ ብር ጠርቶ ለማስገባት ነው። እንግዳ ካልገባ ሽልማት የለምና። ስለዚህ ማጉያውን ብናወጣው እንኳ ያስገባው ረኀብ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀናል።

«ድሮስ ቢሆን አዝማሪ ያበላውን አይደለም ወይ የሚያሞግስ?» የሚል ሙግት ይመጣብኛል። ልክ ነው። መኳንንቱ በየቤታቸው አዝማሪ ነበራቸው፤ በግብር ያስመሰግናቸው፣ በዘመቻ ያስፎክርላቸው ነበር። ያ ዘመን ገነት ነበር አልልም፤ አዝማሪ ተብሎ መጠራት ያኔም ስድብ ነበር። ሆኖም የዚያ ዘመን አዝማሪ በአንድ ጌታ ቤት ያድራል፣ ከማዕዱ ይቆርሳል። የጠገበ በመሆኑም በሰሙ እያወደሰ በወርቁ ጌታውን ሸንቆጥ የሚያደርግባት ቀዳዳ ነበረችው። ቃሉም ክብደት ነበረው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ካስረሸናቸው መካከል ትንቢት ተናጋሪዎችና ተረት ነጋሪዎች ይገኙበታል፤ አዝማሪዎችም ከዚያ ጽዋ ቀምሰዋል። መትረየስና አውሮፕላን የታጠቀ ኃይል በገበያ መካከል የሚነገርን ቃል ፈርቷል ማለት ነው። ፋሽስት የፈራውን ቃል እኛ በአሥር ብር ገዛነው።

ሁለተኛው ሙግት «ሽልማት ባህላችን ነው፤ ደመወዝ ፈረንጅ ነው» የሚለው ነው። ይህንን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኞች ናቸው። እኔ ሽልማት ይቅር አላልኩም፤ ልቡ የተነካ ሰው ግንባር ላይ ብር ቢለጥፍ ደስ ይለኛል። የምቃወመው ሽልማት እንጀራም ወጥም ሲሆን ነው። ደግሞስ ማሲንቆና ደመወዝ አልተዋወቁምን? ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ባህላዊ ሙዚቃ በአዳራሽ፣ ትኬት በቆረጠ ተመልካች ፊት ሲቀርብ ኖሯል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመሩት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ አሰልፏል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆ ትምህርት ነው። ታዲያ ማሲንቆ የሚያስተምረው ሰው የወር ደመወዝ ሲኖረው፣ ማሲንቆን ለሕዝብ የሚጫወተው ለምን በልመና ይደር? ሙያው አንድ ነው፤ የሚለያቸው አንደኛው የቆመው በጥቁር ሰሌዳ ፊት፣ ሌላኛው በብርሌ ፊት መሆኑ ነው።

ይህ የምግባር ስብከት እንዳይመስልህ የደረሰውን ቁጠር። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና አገራችን ሲገባ የምሽት ቤቶች ተዘጉ። ቱሪስቱም ቀረ። የመንግሥት ሠራተኛው ቤቱ ተቀምጦ ደመወዙን አገኘ፤ ባለ ጠጅ ቤቱ ቢያንስ ቤቱ አለው። አዝማሪው ግን ከሥራ እንኳ አልተባረረም፤ ተቀጥሮ የማያውቅን ሰው ማን ያባርረዋል? በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ ገባ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት በየትንንሹ ከተማ የማታውን መንገድ አራቆተው። እንግዳ በሌለበት ሌሊት የግንባር ኖት ከየት ይመጣል? የትኛውም መዝገብ ላይ ስማቸው እንደ ሠራተኛ አልሰፈረምና፣ ሲጎድሉም የሚቆጥራቸው አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ በአዝማሪ ቤቶቹ የሚታወቀው ሰፈር ሄደ ብለን አዘንን። ማዘናችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ያዘንነው ለግድግዳውና ለራሳችን ትዝታ ነው። በእነዚያ ግድግዳዎች ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍኑ ያነጉት ሰዎች ስንቶቹ የወር ደመወዝ ነበራቸው ብሎ የጠየቀ ማን ነው?

ራሴንም ልክሰስ። ያን ምሽት ላሊበላ ውስጥ ሃያ ብር ሸልሜ ልቤ ሞልቶ ነበር። ለጠጁ ግን ከዚያ በላይ ከፍያለሁ። ያቺን የቤት ግጥም በስልኬ ቀርጬ አዲስ አበባ ስመለስ ለስንት ሰው አሳየሁ! ሁሉም «ወይ ጉድ!» አለ። ዛሬ እንደ እኔ የቀረጸው ሁሉ ዩቲዩብ ላይ ይጭናል፤ ተመልካቹ ይበዛል፤ የመጣው ገንዘብ የቀረጸው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከያኒው በሚያቀርበው ክዋኔ ላይ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ያ አዋጅ ግን ቄጠማው ላይ ደርሶ አያውቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሚኒስቴር ይቋቋም፣ ጉባኤ ይጠራ አልልም። ጉባኤውማ አዝማሪውን ለምሳ ሰዓት ማጫወቻ ይጠራውና አበሉን ለእኛ ለተናጋሪዎቹ ይከፍላል። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ማሲንቆ ያለበት ቤት ሁሉ፣ በላሊበላም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በር ላይ የመግቢያ ዋጋ ያስከፍል፤ የአንድ ብርሌ ጠጅ ዋጋ ይበቃል። ያ ገንዘብ የሙዚቀኞቹ ይሁን፣ ማሲንቆው ከመሰማቱ በፊትም እጃቸው ይግባ። ሽልማቱ ከዚያ በላይ ይምጣ። ባለቤቱ «እንግዳ ይሸሽብኛል» ይል ይሆናል። እንግዳው የሚመጣው ለጠጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለማሲንቆ የሌለው ጎረቤቱ ቤት ይገባ ነበር። ቀርጾ የሚወስድ ደግሞ ይጠይቅ፣ ይክፈል። እኛም ለበሩ የከፈልነውን እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ዕዳ እንቁጠረው።

እንዲህ ያደረግን ዕለት ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ያ ባለ ብር ይገባል፤ ኖቱን ይለጥፋል፤ ጋሼም አመስግነው አንድ ሁለት ስንኝ ይሉለታል። ከዚያ ግን ማሲንቆውን ይዘው ወደ መምህራኑ ይዞራሉ። ወደ አልጋ አከራዩም ይዞራሉ። ያ ሰው ሁለተኛውን ብርሌ ከማዘዙ በፊት ትንሽ ያስባል።

የልጆቹ እራት እንደተያዘለት ያወቀ አዝማሪ ሊለን የሚችለውን ገና አልሰማንም። «አዝማሪ ምን አለ?» የምትለውን ጥያቄ እስከዚያው ድረስ በየመድረኩ ባንጠቅሳት ደስ ይለኛል። እሷን ለመጠየቅ ገና አልከፈልንም።