የተሰበረውን ታንክ ስለሚያነሣው መኪና

ስለ ታንክ ሲነገር የመድፉ ኃይልና የብረቱ ውፍረት ይመሰገናል፤ በተሰበረ ጊዜ የሚያነሣውን መኪና ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በሐምሌ 1935 ዓ.ም.፥ የጀርመን ጦር በሩሲያ ምድር በኩርስክ 200 ያህል ፓንተር የተባሉ አዳዲስ ታንኮችን አሰለፈ። ከእነርሱም ብዙዎቹን ከውጊያ ያስቀራቸው የጠላት መድፍ ብቻ ሳይሆን የተቀበረ ፈንጂና የገዛ ሞተራቸው ብልሽት ነው። የአንዱ ክብደት ከ40 ቶን በላይ ስለ ሆነ፥ ለ18 ቶን የተሠራው ጐታች መኪና ብቻውን አልቻለውም፤ ሁለት ሦስት ሆነው ይጐትቱት ነበር። ሠራዊቱ በስፍራው ከጸና የተሰበረው ተጠግኖ ይመለሳል፤ ማፈግፈግ በመጣ ጊዜ ግን ያልተነሣው ሁሉ ወይ ለባላጋራ ይቀራል፥ ወይ በባለቤቱ እጅ ይቃጠላል። ታንኩን አስቀድሞ ሠርቶ ማንሻውን በኋላ ማሰብ፥ በእኛ አስተያየት፥ ትልቅ የሒሳብ ጕድለት ነው። በፓንተሩ በራሱ አካል ላይ የተሠራው በርገፓንተር የተባለው ማንሻ በዚያው ዓመት መሠራት ቢጀምርም፥ ለግንባሩ ሁሉ የሚበቃ አልነበረም።