ትንሽ ጨዋታ ዋጋ ይገባዋልን?

በዚህ ዘመን በእጅ ስልክና በኮምፒውተር የሚጫወቱት ጨዋታዎች እጅግ በዝተዋል። ከእነዚህም መካከል ሮግላይክ የሚባሉ፥ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰዎች ትልቅ ኩባንያ ሳይደግፋቸው የሚሠሯቸው፥ ሥዕላቸውም የሕፃን ሥዕል የሚመስል ጨዋታዎች አሉ። ስለ እነርሱ በወጣቶች ዘንድ ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን፥ «ይህን ለመሰለ ተራ ነገር ገንዘብ መክፈል ሞኝነት ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ፥ «ዋጋው ትንሽ ስለ ሆነ ቢከፈል ምን ይጎዳል?» ይላል። ክርክሩ ቀላል ቢመስልም የሚነካው ነገር ቀላል አይደለም፤ የሰው ድካም በምን ይለካል? ነጻ የተባለውስ በእውነት ነጻ ነውን? የሚሉትን ጥያቄዎች ይዟልና።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር ማወቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1980 ገደማ በአሜሪካ በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ወጣቶች ሮግ የተባለ ጨዋታ ሠሩ። ሥዕል አልነበረውም፤ ተጫዋቹ በአንዲት የጽሕፈት ምልክት፥ ጠላቶቹም በላቲን ፊደላት ይታዩ ነበር። ነገር ግን ሁለት ጠባያት ለይተውታል። አንደኛው፥ የዋሻው ክፍሎችና መንገዶች ጨዋታው በተጀመረ ቍጥር በአዲስ መልክ ይዘጋጃሉ። ሁለተኛው፥ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ከሞተ ካቆመበት ሊቀጥል አይችልም፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሮግላይክ የሚለው ስም የወጣውም ከዚሁ ነው፤ ሮግን የሚመስል ማለት ነው። በ1987 የወጣው ኔትሃክም የዚሁ ዘር ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ዋጋ ይሰጣል።

እንግዲህ አንዳንድ ሰው፥ «ይህን የመሰለ በነጻ የሚገኝ ሳለ ለሌላው ስለ ምን ይከፈላል? ያውም መልኩ ላልተዋበ!» ይል ይሆናል። የቅኔ ቤት ልጅ ግን ለዚህ መልስ አያጣም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ከቅኔ ሁሉ በመጠን ያንሳል። ይሁን እንጂ ተማሪው ከሰው ተለይቶ ሲቈጥር ውሎ ማታ ለመምህሩ በሚነግርበት ጊዜ፥ አንዲት ቃል ከቦታዋ ብትዛነፍ ቅኔው ይበላሻል። ሕጉ የጸና ነው፤ ቅኔው ግን ዕለት ዕለት አዲስ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። በክብር ጨዋታ ከቅኔ ጋር የሚተካከል አይደለም፤ በአሠራሩ ግን የሚመሳሰል ነገር አለው። ሠሪው ጥቂት ሕግ ይደነግጋል፤ ከጥቂቱም ሕግ በየጊዜው አዲስ ነገር እንዲወለድ ያደርጋል። የአንድ መሣሪያ ኀይል ጥቂት ቢበዛ ጨዋታው ይሰለቻል፤ ጥቂት ቢያንስ ተስፋ ያስቈርጣል። ይህን ሚዛን ለማግኘት የሚወጣው ድካም በሥዕሉ ላይ አይታይም። ስለዚህ ጨዋታን በሥዕሉ ውበት ብቻ መመዘን ቅኔን በቤቱ ብዛት እንደ መመዘን ያለ ስሕተት ነው።

ስለ ነጻ ስጦታም ቢሆን ጠለቅ ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ከተማሪው ዋጋ አይጠይቅም፤ ተማሪውም አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ እየለመነ ይማራል። ትምህርቱ በነጻ ሲሰጥ የኖረው ግን አገሬው ቍራሹን ስላልነፈገ ነው። ስጦታ የሚጸናው ሰጪውን የሚመግብ ሲኖር ነው። ለዚህም ታርን አዳምስና ዛክ አዳምስ የተባሉት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ምሳሌ ይሆናሉ። የሮግላይክ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ድዋርፍ ፎርትረስ የተባለ ጨዋታ በ2006 አውጥተው ለብዙ ዓመታት በነጻ ሰጡ፤ ይኖሩም የነበሩት ተጫዋቾች በፈቃዳቸው በሚልኩላቸው ገንዘብ ነበር። በ2019 ግን በሥዕል ያጌጠና የሚሸጥ ቅጂ እንደሚያወጡ ሲያስታውቁ፥ ከምክንያቶቹ አንዱ የሕክምና ወጪ መሆኑን ገለጡ፤ ዛክ በቆዳ ካንሰር ታምሞ ነበርና። ቅጂው በ2022 መጨረሻ በ30 ዶላር ገደማ ለገበያ ቀረበ፤ ሥዕል የሌለው የቀድሞው ግን በነጻ መሰጠቱ አልቀረም። እንግዲህ ለዓመታት ያለ ዋጋ ተጫውቶ፥ ሰጪው በታመመ ጊዜ «ለዚህማ አይከፈልም» ማለት ከፍርድ የራቀ ነው።

ከዚህም ሌላ ነጻ የሚል ስም ይዞ ነጻ ያልሆነ አለ። በእጅ ስልክ ላይ ያለ ዋጋ ከሚወርዱት ጨዋታዎች ብዙዎቹ በየደቂቃው ማስታወቂያ ያቀርባሉ፤ ወይም ተጫዋቹን በመንገድ ላይ አስቸግረው ችግሩን የሚያቃልልበትን ዕንቍ በገንዘብ ይሸጡለታል፤ ወይም ውስጡ ያልታወቀ ሣጥን ያስገዙታል። ይህን የመሰለውን ሣጥን የቤልጅግ የቁማር ተቈጣጣሪ ኮሚሽን በ2018 ከቁማር ቈጥሮታል። በአንጻሩ ሉካ ጋላንቴ የተባለው በእንግሊዝ አገር የሚኖር ኢጣሊያዊ ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ የተባለውን ጨዋታ በ2021 መጨረሻ በ3 ዶላር ገደማ አወጣ፤ በ2022 ሥራው ሲፈጸምም ዋጋው ወደ 5 ዶላር ከፍ አለ። ተጫዋቹ የሚያደርገው መሄድና መሸሽ ብቻ ነው፤ መሣሪያው በራሱ ይተኵሳል። ይህ ተራ መስሎ የታየ ጨዋታ በ2023 ከብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበባት አካዳሚ የዓመቱን ምርጥ ጨዋታ ሽልማት ሲቀበል፥ እጅግ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸውን በልጦ ነው። የተጠየቀው ዋጋ የታወቀ ነው፤ የከፈለም ምን እንደ ገዛ ያውቃል። ስቲም በተባለው መደብር የገዛ ሰው ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ፥ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውቶ ካልወደደው፥ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ የሚቀር ሒሳብ አለ፤ ይኸውም የሰዓት ሒሳብ ነው። ጋላንቴ ቀድሞ በቁማር ጨዋታ ሥራ ውስጥ የነበረ ሰው ነው፤ በጨዋታው ውስጥ ሣጥን ሲከፈት የሚያብለጨልጨው ብርሃንና የሚሰማው ድምፅም የቁማር ማሽንን ያስታውሳል። ገንዘብ አይወስድም፤ ዓይንና ልብ ግን ይይዛል። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በየማታው ሁለት ዙር የሚጫወት ሰው በዓመት 365 ሰዓት ይሰጠዋል። ለአምስት ዶላር «ትንሽ ናት» የሚለው ሰው ለዚህ ምን ይል ይሆን? ያን ያህል ሰዓት ለዳዊት ወይም ለዜማ የሰጠ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ የሚያሳየው ፍሬ አለው። በምጽዋት የሚማረው ደቀ መዝሙርና ለመንገዱ ሳንቲም ሲያጠራቅም የኖረው ተሳላሚ ደግሞ ገንዘቡንም ሰዓቱንም የተቀበሉት በአደራ ነው።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ መሆን ይገባዋል። በልክ ለማረፍ የሚጫወት ሰው ለሠሪው የተጠየቀውን ዋጋ ይክፈል፤ የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረት ቅዱሳት መጻሕፍት አጥብቀው የሚነቅፉት በደል ነውና፥ ሥራው ትንሽ መስሎ መታየቱ ይህን አይለውጠውም። ገንዘብ የሌለው ኔትሃክን ይጫወት፤ ሠሪዎቹ በፈቃዳቸው ሰጥተውታል። ያልተሰጠውን ግን በስርቆት ቀድቶ ድህነትን ምክንያት ማድረግ አይገባም። ልኩን መጠበቅ የማይችል ደግሞ፥ ዋጋው ሦስት ዶላርም ይሁን ምንም፥ አይጀምር፤ ለእርሱ ርካሽ የሚባል ጨዋታ የለም።